«ሶሲዮሎጂ ተምረሽ ምን ልትሆኚ ነው?»

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ እህት ወንድሞቼ። የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ትምህርቴን ስላጠናቀቅሁ የትምህርት ክፍል መምረጫው ቅጽ በእጄ ይገኛል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥም ሞልቼ መመለስ ይኖርብኛል። በአንደኛ ምርጫነት ልሞላ ያሰብሁት ሶሲዮሎጂን ነው። ሐሳቡ ያደረብኝ መምህራችን በመግቢያው ትምህርት ላይ ፈረንሳዊው ሶሲዮሎጂስት ኤሚል ዱርካይም ራስን ስለ ማጥፋት አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1897 ያሳተመውን ሥራ ባስረዱን ዕለት ነው። ሰው ብቻውን ሆኖ፣ በራሱ ሐሳብ ብቻ ይወስነዋል ብዬ የማምነው ድርጊት በአንድ አገር ውስጥ ከዓመት ዓመት ያን ያህል ሳይለዋወጥ የሚመዘገብ መሆኑን፣ ከአገር አገር ግን በእጅጉ የሚለያይ መሆኑን፣ ያገባና ያላገባ ሲነጻጸርም ልዩነት የሚታይበት መሆኑን ስሰማ፣ የማውቃቸውን ሰዎች ሁሉ በሌላ ዓይን መመልከት ጀመርሁ።

ችግሩ ያለው ቤት ውስጥ ነው። ለአባቴ ስነግራቸው «ሕግ የተማረ ጠበቃ ይሆናል፤ ሒሳብ አያያዝ የተማረ የሒሳብ ሠራተኛ ይሆናል፤ አንቺስ ሶሲዮሎጂ ተምረሽ ምን ልትሆኚ ነው?» አሉኝ። መልስ አጥቼ ዝም ብል ይሻለኝ ነበር። «ኅብረተሰብን አጠናለሁ» ብዬ ብመልስላቸው፣ «እሱንማ እኔም ስድሳ ዓመት አጥንቼዋለሁ፤ የከፈለኝ ግን የለም» ብለው ሳቁብኝ።

ስለዚህ በዚህ ትምህርት ያለፋችሁ፣ የምታስተምሩም ሆነ በሥራ ዓለም ያላችሁ፣ እውነቱን እንድትነግሩኝ እለምናችኋለሁ። ተመራቂው በተጨባጭ የሚቀጠረው በምን ሥራ ላይ ነው? ከሶሻል ወርክ የሚለየውስ በምንድን ነው? ሒሳብ ላይ ብርቱ አይደለሁም፤ ይህ እንቅፋት ይሆንብኛል? በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻስ ሥራ ይገኛል ወይስ ሁለተኛ ዲግሪ የግድ ነው?

መልስ፦ በዳሰሳ ጥናት ሥራ ላይ ያለ

እህቴ፣ አባትሽ የጠየቁሽ ጥያቄ የሚናቅ አይደለም። መልሱ የሚያስቸግረው ሶሲዮሎጂ እንደ ሕክምና ወይም እንደ ሒሳብ አያያዝ የአንድ ሥራ ስም ስላልሆነ ነው። እኔ በዚሁ ትምህርት ተመርቄ ዐሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ፤ በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ግን በቅጥር ደብዳቤዬ ላይ «ሶሲዮሎጂስት» የሚል ቃል ተጽፎ አይቼ አላውቅም። መጀመሪያ መረጃ ሰብሳቢ፣ ቀጥሎ የመስክ ተቆጣጣሪ፣ ከዚያም የክትትልና ግምገማ ባለሙያ ነበርሁ፤ አሁን ደግሞ የአንድ የጥናት ቡድን አስተባባሪ ነኝ። በትምህርቱ ስም የሚጠራ ሥራ ብትፈልጊ ከዩኒቨርሲቲና ከምርምር ተቋም ውጭ እምብዛም አታገኚም። የሥራ ማስታወቂያ ስታነቢ ርእሱን ትተሽ «ዋና ዋና ተግባራት» በሚለው ሥር የተዘረዘረውን ተመልከቺ፤ መጠይቅ ማዘጋጀት፣ ቃለ መጠይቅ ማድረግ፣ መረጃ መተንተን፣ ሪፖርት መጻፍ የሚል ካየሽ፣ መደቡ ምንም ተብሎ ቢጠራ ያ ሥራ የአንቺ ነው።

ሥራው ምን እንደሚመስል በአንድ ምሳሌ ላሳይሽ። ወላጆች ልጆቻቸውን እንዴት እንደሚቀጡ ለሚያጠና ሥራ መጠይቅ ስናዘጋጅ፣ በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ የነበረው ጥያቄ «ልጅዎን ይመታሉ?» የሚል ነበር። በሙከራው ዕለት ከጠየቅናቸው ሃያ ወላጆች ውስጥ ዐሥራ ዘጠኙ «በፍጹም» አሉ። ከእነዚህም አንዲት እናት መልሳቸውን ተናግረው ሳይጨርሱ፣ አጠገባቸው ሆኖ ቀሚሳቸውን ይጎትት የነበረውን ልጅ ጀርባውን ቸብ አደረጉት። በዚያው ምሽት ጥያቄውን እንደ አዲስ ጻፍነው፤ «ባለፈው አንድ ወር ውስጥ ልጅዎ ባጠፋ ጊዜ፣ እርስዎ ወይም ሌላ የቤተሰቡ አባል ከሚከተሉት ውስጥ የትኞቹን አድርጋችኋል?» ብለን፣ ጥፋቱን ማስረዳት፣ የሚወደውን ነገር መከልከል፣ መጮህ እያልን ቀስ በቀስ ወደ መምታት የሚወርድ ዝርዝር አስከተልንበት። በማግሥቱ ያገኘነው መልስ የሌላ ሰፈር ሰዎች መልስ ይመስል ነበር። በመሀል የተለወጠው ሰዉ አልነበረም፤ ጥያቄው መላሹን በጠያቂው ፊት የማያሳፍረው ሆነ እንጂ። ከአራት ዓመት ትምህርት በኋላ በእጅሽ የሚቀረው ችሎታ አንዱ ይኸው ነው፤ የሚከፈልበትም ችሎታ ነው።

ስለ ሒሳብ የጠየቅሽውን በተመለከተ፣ የሚያስፈልግሽ ካልኩለስ ሳይሆን ስታቲስቲክስ ነው፤ መቶኛ፣ አማካይ፣ ተዛምዶ፣ ሪግሬሽን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የናሙና አወሳሰድ። ስሌቱን ኮምፒዩተር ይሠራዋል፤ ብዙ የትምህርት ክፍሎች የሚያስተምሩት ኤስፒኤስኤስ የተባለው ፕሮግራም እንኳ እ.ኤ.አ. በ1968 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ለማኅበራዊ ሳይንስ ሰዎች ታስቦ ነው። ኮምፒዩተሩ የማይሠራልሽ ግን ቁጥሩ ከማን እንደ መጣና ማን እንደ ተረሳ መጠየቅን ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 በአሜሪካ ምርጫ ዋዜማ አንድ ታዋቂ መጽሔት 10 ሚሊዮን ያህል የድምፅ መስጫ ካርድ በፖስታ ልኮ፣ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰብስቦ፣ ፍራንክሊን ሩዝቬልት በአልፍ ላንደን ይሸነፋሉ ብሎ አወጀ። ሩዝቬልት ከ48ቱ ክፍላተ ግዛት 46ቱን አሸነፉ። አድራሻዎቹ በአብዛኛው ከስልክ ማውጫና ከመኪና መዝገብ የተለቀሙ ስለ ነበሩ፣ በዚያ የኢኮኖሚ ቀውስ ዘመን ስልክም መኪናም ያልነበረው ሰው ከመጀመሪያው ተዘሏል፤ ካርዱ ከደረሰውም ሰው መካከል መልሶ የላከው ጥቂቱ ነበር። የሕዝብ አስተያየት አጥኚው ጆርጅ ጋለፕ ግን በብዙ እጥፍ ባነሰ ናሙና አሸናፊውን በትክክል ተናገረ። ይህን ታሪክ ከነምክንያቱ ማስረዳት የምትችይ ከሆነ ሒሳቡን አትፍሪው።

የት የት ትቀጠሪያለሽ ለሚለው፣ እኔ የማውቃቸው አብረውኝ የተመረቁ ሰዎች በስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት፣ በጤና ጥናት፣ በረድኤት ድርጅት፣ በሰው ሀብት አስተዳደር፣ በማስተማርና በጋዜጠኝነት ላይ ይገኛሉ። ሁለቱ ገበያ ጥናት ውስጥ ናቸው፤ ይህ እንግዳ ሊመስልሽ አይገባም። አንድ ምርት ገበያ ላይ ከመዋሉ በፊት ስምንት ዐሥር ሰው ሰብስቦ የማወያየቱ ዘዴ ሥሩ ሶሲዮሎጂስቱ ሮበርት መርተን ከፖል ላዛርስፌልድ ጋር እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሬዲዮ አድማጮችን ስሜት ለማወቅ ካደረጓቸው ቃለ መጠይቆች ይመዘዛል። አንዷ የክፍል ጓደኛዬ ደግሞ ሰዎች የስልክ መተግበሪያ ሲጠቀሙ የት ላይ እንደሚደናገሩ ታጠናለች፤ ከሁላችን የተሻለ የሚከፈላትም እሷ ናት።

መልስ፦ ከተመረቀ ሦስት ዓመት የሆነው

ከላይ የጻፉት ወንድሜ የተናገሩት ሁሉ እውነት ነው። ሆኖም ራሳቸው ባስተማሩን መሠረት አንድ ነገር ልጠይቅ፤ እንዲህ ላለው ጥያቄ መልስ የሚጽፈው ማን ነው? ሥራ ያገኘው ነው። ሥራ ያጣው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብሎ ያልፋል። ስለዚህ ናሙናው እንዳይዛባ እኔም ልጨመርበት።

ከተመረቅሁ በኋላ ዐሥራ አራት ወር ያለ ሥራ ተቀምጫለሁ። ውጤቴ መጥፎ አልነበረም። በመጀመሪያው የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ «ምን መሥራት ትችላለህ?» ተብዬ ብጠየቅ፣ በንድፈ ሐሳብ ትምህርት የተማርኋቸውን የካርል ማርክስንና የማክስ ቬበርን ልዩነት ማስረዳት ጀመርሁ። ጠያቂው ሴትዮ በትዕግሥት ካዳመጡኝ በኋላ ላፕቶፓቸውን ወደ እኔ አዙረው፣ አራት መቶ ያህል ረድፍ ያለውን ሰንጠረዥ አሳይተው፣ «ከዚህ ውስጥ ምን ይታይሃል?» አሉኝ። ቁጥር ታየኝ። ከዚያ በላይ የምለው አልነበረኝም። የወጣሁት በዐሥረኛው ደቂቃ ነው።

ጥፋቱን ሁሉ በራሴ ላይ አልደፋም። በተማርሁበት የትምህርት ክፍል የጥናት ዘዴ ትምህርት ይሰጥ የነበረው በአንድ መንፈቅ ብቻ ሲሆን፣ እሱም በጽሑፍ ፈተና የሚያልቅ ነበር። የመመረቂያ ጽሑፌን የሠራሁት ከቀደሙት ተመራቂዎች በአንዱ ጽሑፍ ላይ ያገኘሁትን መጠይቅ ቃላቱን ብቻ ለዋውጬ፣ ለአርባ ተማሪዎች አስሞልቼ፣ መቶኛውን በሰንጠረዥ ደርድሬ ነው፤ ከእያንዳንዱ ሰንጠረዥ ሥር «ከላይ ካለው ሰንጠረዥ መረዳት እንደሚቻለው አብዛኛዎቹ መላሾች» ብዬ መልሼ ያንኑ ቁጥር በፊደል ጽፌዋለሁ። ማንም «ይህን መጠይቅ ለምን መረጥህ?» ብሎ አልጠየቀኝም።

ሌላው ደግሞ በማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው «ወይም ተዛማጅ የትምህርት መስክ» የሚለው ሐረግ ነው። ለተመራቂው ተስፋ የሚሰጥ ይመስላል፤ ተዛማጅ የሚለውን የሚተረጉመው ግን መዝገብ ቤት ተቀምጦ ማመልከቻ የሚቀበለው ሰው ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ለማኅበረሰብ ልማት ባለሙያነት ባወጣው ማስታወቂያ ማስረጃዬን ይዤ ብሄድ፣ «ሶሲዮሎጂ ተዛማጅ አይደለም» ተብዬ ተመልሻለሁ። ምን ሊሆን ነው ተዛማጁ? ዛሬም አልገባኝም።

በመጨረሻ የገባሁት በጊዜያዊ የመረጃ አስገቢነት ሲሆን፣ ሌሎች የሞሉትን መጠይቅ ኮምፒዩተር ላይ መገልበጥ ነበር ሥራዬ። አሰልቺ ነው፤ ነገር ግን ከሁለት ሺህ በላይ ቅጽ ካስገባ በኋላ ሰው የትኛው ጥያቄ ላይ መላሹ እንደሚሰለች፣ የትኛውን ገጽ መረጃ ሰብሳቢው ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ራሱ እንደ ሞላው ጭምር ያውቃል። አሁን በአንድ ድርጅት የሰው ሀብት ክፍል ሠራተኛ ነኝ፤ ኑሮዬ ደህና ነው። እህቴ ሆይ፣ ትምህርቱን አትምረጪ ማለቴ አይደለም። ዲግሪው ብቻውን በር አይከፍትም ማለቴ ነው፤ ይህንንም በአራተኛው ዓመት ሳይሆን ዛሬ ማወቅ ይበጅሻል።

መልስ፦ ሶሻል ወርከር

ያልተመለሰውን አንዱን ጥያቄ በአጭሩ ልመልስ። ሶሲዮሎጂ የኅብረተሰብን አሠራር የሚያጠና የዕውቀት ዘርፍ ሲሆን፣ ሶሻል ወርክ ግን ከተቸገረው ሰው ወይም ቤተሰብ ጋር ተቀምጦ ችግሩን የመፍታት ሙያ ነው። ተማሪው በትምህርቱ ጊዜ በተቋም ውስጥ ተመድቦ በባለሙያ ክትትል ሥር ሆኖ ይለማመዳል፤ በብዙ አገሮችም ሙያው በፈቃድ የሚሠራ ስለ ሆነ፣ የሶሲዮሎጂ ዲግሪ ይዞ የሶሻል ወርከር ፈቃድ መጠየቅ አይቻልም። በየጊዜው «ሰው መርዳት እወዳለሁ» ብለው ሶሲዮሎጂ የገቡና በሦስተኛው ዓመት የተከፉ ልጆች አጋጥመውኛል። ሐዘን የደረሰበትን ሰው እጅ ይዘሽ መቀመጥ የምትሺ ከሆነ ወደ እኛ ነይ። ለምን በዚህ ሰፈር ይህ ሐዘን እንደ በዛ ማወቅ የምትሺ ከሆነ ደግሞ ምርጫሽ ትክክል ነው። ሁለቱንም የምትሺ ከሆነ፣ በሶሲዮሎጂ ጀምሮ በሁለተኛ ዲግሪ ወደ ሶሻል ወርክ መሻገር የተለመደ መንገድ ነው፤ እኔም የመጣሁት በዚያው ነው።

መልስ፦ የሶሲዮሎጂ መምህር

በዚህ ትምህርት ክፍል ውስጥ ለረጅም ዓመታት ያስተማርሁ በመሆኔ፣ ከሦስት ዓመት በፊት የተመረቀው ወንድማችን የጻፈውን ያነበብሁት በሐፍረት ነው። የተናገረው የመመረቂያ ጽሑፍ ከእኔም ጠረጴዛ ላይ አልፎ ያውቃል። አንድ መምህር በአንድ መንፈቅ ሠላሳ ያህል ጽሑፍ እንዲያማክር ሲመደብ፣ «መጠይቁን ለምን መረጥህ?» ብሎ የመጠየቅ አቅም እንደማይቀረው ብናገር ማስተባበያ አይሆንልኝም፤ ነገሩ ግን እንዲህ ነው።

ሆኖም በአንድ ነገር ከእሱ ጋር አልስማማም። በቃለ መጠይቁ ላይ የጎዳው ቬበርን ማወቁ ሳይሆን፣ ቬበርን ከሰንጠረዡ ጋር የሚያገናኝ ሰው አለማግኘቱ ነው። ንድፈ ሐሳብ በሥራ ላይ ምን እንደሚፈይድ ለተማሪዎቼ የማስረዳው በቻሌንጀር የጠፈር መንኮራኩር አደጋ ነው። መንኮራኩሩ እ.ኤ.አ. ጥር 28 ቀን 1986 በተነሣ በ73 ሴኮንድ ውስጥ ተበታትኖ ሰባት ሰዎች አለቁ። መሐንዲሶች የደረሱበት ምክንያት በብርድ የደነደነ የጎማ ማሸጊያ ቀለበት ነበር። ሶሲዮሎጂስቷ ዳያን ቮን ግን ሌላ ነገር ጠየቀች፤ ቀለበቱ ቀደም ባሉት በረራዎች ላይ የመበላት ምልክት አሳይቶ ሳለ፣ እነዚያ ጠንቃቃ ሰዎች እንዴት አሳለፉት? ሰነዶቹን ለዓመታት ከመረመረች በኋላ ያገኘችው ደንብ ጣሽ ወንጀለኛ ሳይሆን፣ በየስብሰባው ጥቂት ጥቂት እየተባለ «ይህን ያህሉ የሚጠበቅ ነው» ተብሎ የጸደቀ ጉድለት ነበር። እያንዳንዱ ውሳኔ በራሱ ሲታይ ደንቡን የጠበቀ ነው፤ ሲደመር ግን ሰባት ሰው ገደለ። ጥናቷን እ.ኤ.አ. በ1996 አሳተመች። በ2003 ኮሎምቢያ የተባለችው ሌላ መንኮራኩር ስትጠፋ፣ መርማሪው ቦርድ እሷን ጠርቶ አማከረ። ዛሬ የሆስፒታልና የአቪዬሽን ደኅንነት ባለሙያዎች ከእሷ የተማሩትን አስተሳሰብ በየዕለቱ ይጠቀሙበታል። ስለዚህ «ሶሲዮሎጂ ሥራው የት ነው?» ሲባል፣ ሰዎች ተሰባስበው ስሕተትን እንደ ልማድ በሚቀበሉበት ቦታ ሁሉ ነው እላለሁ፤ እንዲህ ያለ ቦታ ደግሞ አይጠፋም።

የሥራ ፍለጋውን ነገር በተመለከተ፣ ትምህርታችን ራሱ ያጠናው ጉዳይ ሆኖ ሳለ ተመራቂዎቻችን ሳይጠቀሙበት መቅረታቸው ሁልጊዜ ያስገርመኛል። ሶሲዮሎጂስቱ ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጽሑፍ፣ በቦስተን አጠገብ በምትገኝ ከተማ በሰው በኩል ሥራ ያገኙ ሠራተኞችን «ወሬውን የነገራችሁን ሰው በዚያን ጊዜ ምን ያህል ታገኙት ነበር?» ብሎ ጠየቃቸው። ዘወትር እናገኘው ነበር ያሉት 16.7 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ 55.6 በመቶው አልፎ አልፎ፣ 27.8 በመቶው ደግሞ ከስንት አንዴ ብለው መለሱ። የቅርብ ወዳጅሽ የሚያውቀውን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ አዲስ ወሬ የሚመጣው ሌላ ቦታ ከሚውለው፣ እንደ ነገሩ ከምታውቂው ሰው ነው። እንግዲህ በልምምድ ላይ የተቆጣጠረሽን ሰው፣ ካንቺ አንድ ዓመት ቀድሞ የተመረቀውን፣ በአንድ የመስክ ሥራ ላይ ለሦስት ቀን አብሮሽ መጠይቅ ያስሞላውን ሰው ስልክ አትጣይ። ማስታወቂያ ብቻ እየጠበቁ ዐሥራ አራት ወር መቀመጥ ከባድ ነው።

ሁለተኛ ዲግሪን በሚመለከት፣ ለማስተማርና ለከፍተኛ የምርምር መደብ የግድ ነው፤ ለሌላው ግን ወዲያው ከመቀጠል ይልቅ ሁለት ዓመት ሠርቶ መመለሱን እመርጣለሁ፤ ተመልሶ የሚመጣ ተማሪ ጥያቄ ይዞ ይመጣልና። የትምህርት ክፍሎች በማስተዋወቂያ ወረቀታቸው ላይ የሚያወጡትን የታዋቂ ተመራቂዎች ዝርዝር ደግሞ እንዳታይው። ማርቲን ሉተር ኪንግ እ.ኤ.አ. በ1948 ከሞርሃውስ ኮሌጅ በሶሲዮሎጂ መመረቃቸው፣ ሚሼል ኦባማም በ1985 ከፕሪንስተን በዚሁ መመረቃቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን አንዱ ወደ ነገረ መለኮት፣ ሌላዋ ወደ ሕግ ትምህርት ቤት ነበር የሄዱት። ስለ አንቺ የሥራ ዕድል የሚናገረው ነገር የለም።

ከዚያ ይልቅ ቅጹን ከመሙላትሽ በፊት ወደ ትምህርት ክፍሉ ሄደሽ የትምህርቶቹን ዝርዝር ጠይቂ። የጥናት ዘዴና ስታቲስቲክስ ስንት መንፈቅ ይሰጣል? የመስክ ልምምድ አለ ወይስ በወረቀት ላይ ብቻ ነው? ባለፈው ዓመት ከጸደቁት የመመረቂያ ጽሑፎች ሁለቱን አስወጥተሽ አንብቢያቸው። ሁለቱም በአንድ መጠይቅ የተሠሩ ከመሰሉሽ፣ ወንድማችን የነገረሽ ነገር እዚያም አለ ማለት ነው፤ ያን ጊዜ የጎደለውን ከውጭ ለመሙላት ተዘጋጅተሽ ግቢ።

ጠያቂ፦ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሁሉንም መልስ ለአባቴ አነበብሁላቸው። ልጁን በጀርባው ቸብ ያደረጉትን እናት ሲሰሙ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ ስለ መንኮራኩሩ ሲሰሙ ግን ዝም አሉና፣ እሳቸውም ይሠሩበት በነበረው ፋብሪካ «ይህን ያህሉ ይለመዳል» እየተባለ የታለፈ አንድ የማሽን ጉድለት እንደ ነበር ነገሩኝ። ከዚያ በፊት ነግረውኝ አያውቁም። ትናንት ደግሞ መምህሩ እንደ መከሩኝ ወደ ትምህርት ክፍሉ ሄጄ ነበር። የጥናት ዘዴ ሁለት መንፈቅ፣ ስታቲስቲክስ አንድ መንፈቅ ይሰጣል፤ የስድስት ሳምንት የመስክ ልምምድም አለ። ካነበብኋቸው ሁለት ጽሑፎች አንዱ እንደ ተፈራው ነው፤ ሁለተኛው ግን ሌሊት በጥበቃ ሥራ ላይ የሚያድሩ ሰዎች ከቤተሰባቸው ጋር ስላላቸው ግንኙነት ሲሆን፣ አንብቤ እስክጨርስ አላስቀመጥሁትም።

አንድ ያልጻፍሁት ነገር ቀርቷል። ዓይን አፋር ነኝ። የማላውቀውን ሰው ቀርቦ ማናገር ያስጨንቀኛል። እንዲህ ያለ ሰው ቃለ መጠይቅ የሚበዛበት ሥራ ውስጥ መግባቱ ስሕተት አይሆንም?

መልስ፦ በዳሰሳ ጥናት ሥራ ላይ ያለ

እህቴ፣ በቡድኔ ውስጥ ካሠለጠንኋቸው መረጃ ሰብሳቢዎች እጅግ ያስቸገሩኝ ተናጋሪዎቹ ናቸው። ተናጋሪ ሰው መላሹ ትንሽ ሲያመነታ ዝምታው ስለሚከብደው፣ «ማለትም ኑሮ ስለ ተወደደ ነው አይደል?» ብሎ መልሱን ራሱ ይሰጠዋል፤ መላሹም «አዎ» ይላል። በቀረጻው ላይ የሚሰማው እንግዲህ የጠያቂው ሐሳብ ነው። ዓይን አፋሩ ግን የሚለው ስለሚጠፋው ይጠብቃል። አንድ ጊዜ አንዲት አዲስ ልጅ ያመጣችውን ቀረጻ ሳዳምጥ፣ አንድ ሽማግሌ ሥራቸውን ለምን እንደ ተዉ ተጠይቀው «ደከመኝ» አሉና ዝም አሉ፤ እሷም ዝም አለች። ሰዓቱን ተመለከትሁ፤ ዐሥራ ዘጠኝ ሴኮንድ ነበር። ከዚያ በኋላ ሽማግሌው ለዐሥራ ሁለት ደቂቃ ሳያቋርጡ የተናገሩት ነገር ነው የሪፖርታችን ሦስተኛ ምዕራፍ የሆነው። ልጅቱን ጠርቼ «እንዴት ዝም ማለት ቻልሽ?» ብላት፣ «ፈርቼ ነው» አለችኝ። በር ማንኳኳቱ በመጀመሪያው ሳምንት ያስጨንቅሻል፤ በሁለተኛው ትለምጂዋለሽ።

አሁንም ካመነታሽ፣ ቅጹን ለመመለስ የቀረሽን ጊዜ ተጠቀሚበት። አባትሽን አንድ ሰዓት እንዲሰጡሽ ጠይቂያቸው፤ የመጀመሪያ ሥራቸውን እንዴት እንዳገኙ፣ ወሬውን ማን እንደ ነገራቸው፣ ያንን ሰው ከዚያ በፊት ምን ያህል ያገኙት እንደ ነበር፣ ስለዚያ ማሽንም ማን ምን ብሎ ዝም እንዳለ ይንገሩሽ። በስልክሽ ቅጂው፤ ፈቃዳቸውንም አስቀድመሽ ጠይቂ፣ አባት ቢሆኑም። ከዚያ ቁጭ ብለሽ ማመንታታቸውንና ሳላቸውን ሳትዘይ ቃል በቃል ወደ ጽሑፍ ገልብጪው። የአንድ ሰዓት ቀረጻ አምስት ስድስት ሰዓት ይወስድብሻል፤ ጀርባሽን ያምሻል። ጨርሰሽ ስትነሺ ፋይሉን መዝጋት ካማረሽ፣ ሌላ የትምህርት ክፍል ሙዪ። ተመልሰሽ «ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ለምን ተለወጠ?» ብለሽ መልሰሽ ካጫወትሽው ግን፣ ቅጹን በዚያው ሌሊት ሙዪው።